የእንግሊዝኛ ቃል ከየት መጣ? ሥርወ ቃልን ደረጃ በደረጃ መከታተያ

አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ከየት እንደመጣ ስልካችሁ ላይ ብትፈልጉ በአንድ አፍታ አሥር ዓይነት ታሪክ ይመጣላችኋል። ብዙዎቹ ጆሮ ላይ የሚጥሙ ናቸው። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። የሚጥም ታሪክ ቶሎ ይታመናል፣ ቶሎ ሼር ይደረጋል። ማስረጃው የት አለ ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ለእኔ የቃላትን ታሪክ መከታተል ትልቅ ደስታ ነው። በወሬ ሲበላሽ የሚቆጨኝም ለዚህ ነው።

ይህ መመሪያ እንግሊዝኛ ለሚማር፣ ለሚያስተምር፣ ወይም በሥራው ሁሌ ለሚጠቀም ሰው ነው። ላቲን ማወቅ አይጠበቅባችሁም። ኢንተርኔት ያለው ስልክና ደብተር ይበቃል። የእንግሊዝኛ ቃላቱን ሁሉ እዚህ በእኛ ፊደል እጽፋቸዋለሁ። ስትፈልጉ ግን በእንግሊዝኛ ሆሄያቸው አስገቡ።

1. ቃሉን ለይታችሁ ያዙ

ፍለጋ ከመጀመራችሁ በፊት ቃሉን በትክክለኛ ሆሄው፣ ዛሬ ያለውን ትርጉምና ስም ይሁን ግሥ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። እንግሊዝኛ ውስጥ ሆሄያቸው አንድ ሆኖ ዝምድና የሌላቸው ቃላት ሞልተዋል። «ባርክ» የውሻ ጩኸትም ነው፣ የዛፍ ቅርፊትም ነው። የመጀመሪያው የጥንታዊ እንግሊዝኛ ግሥ ነው። ሁለተኛውን ቫይኪንጎች (ከሰሜን አውሮፓ በባሕር የመጡ ወራሪዎች) ናቸው ይዘውት የመጡት። የትኛውን እንደምትፈልጉ ካልለያችሁ የአንዱን ታሪክ ለሌላው ትሰጣላችሁ።

2. ትክክለኛውን መዝገበ ቃላት ክፈቱ

ለጀማሪ የምመክረው ኢቲምኦንላይን የተባለውን ድረ ገጽ ነው። ዳግላስ ሃርፐር የተባለ አሜሪካዊ ያሰናዳው ነው፣ በነፃ ይከፈታል፣ አጻጻፉም ቀላል ነው። ሜሪያም ዌብስተር ደግሞ አንድ ቃል መጀመሪያ በጽሑፍ የታየበትን ዓመት ወይም ዘመን ያሳያል። ዊክሽነሪ የቃሉን ዘመዶች በየቋንቋው ዘርዝሮ ስለሚያቀርብ ደስ ይላል። ግን ማንም ሰው ሊያርመው ስለሚችል ብቻውን አትመኑት።

ከሁሉም በላይ ያለው ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ነው። ለምን ትልቅ እንደሆነ ማወቅ ሥራውን ራሱን ያስተምራል። ሐሳቡ በ1857 ለንደን ውስጥ በአንድ የቋንቋ ምሁራን ማኅበር ተነሣ። የመጀመሪያው ክፍል በ1884 ታተመ። ሥራው ያለቀው በ1928 ነው። አሠራሩ እንዲህ ነበር፦ በጎ ፈቃደኞች የድሮ መጻሕፍትን ያነባሉ፣ ቃሉ ያለበትን ዓረፍተ ነገር ከነዓመቱ በትንሽ ወረቀት ላይ ይገለብጣሉ፣ ከዚያ ለአዘጋጆቹ በፖስታ ይልካሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ትርጉም በቀን የታሰረ የጽሑፍ ምስክር አለው። የዛሬው የኢንተርኔት እትም በክፍያ ነው። ሆኖም እንግሊዝ አገር የምትኖሩ ከሆነ የሰፈራችሁ ላይብረሪ ካርድ ብዙ ጊዜ በነፃ ያስገባችኋል። ዩኒቨርሲቲ ያላችሁም የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኞች ጠይቁ።

3. ማብራሪያውን ማንበብ ተማሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መዝገበ ቃላቱን ይከፍታል፣ የመጀመሪያውን መስመር ያያል፣ ይዘጋል። የሥርወ ቃል ማብራሪያ ግን እጥር ምጥን ያለ ጽሑፍ ስለሆነ እያንዳንዷ ምልክት ትርጉም አላት።

በመጀመሪያ ዘመኑን እዩ። «13ኛው ክፍለ ዘመን» ማለት 1200ዎቹ ነው። አቆጣጠሩም የፈረንጅ ነው። ዓመቱ ቃሉ የተወለደበት እንዳይመስላችሁ። እስካሁን በተገኘው ጽሑፍ መጀመሪያ የታየበት ጊዜ ነው። ሰው ከመጻፉ በፊት ረጅም ዘመን ሲናገረው ኖሮ ሊሆን ይችላል። ነገ ደግሞ የቆየ ጽሑፍ ቢገኝ ዓመቱ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ቀጥሎ «ከዚህ የመጣ» እና «ከዚህ ጋር የሚዛመድ» የሚሉትን ለዩ። የመጀመሪያው ወላጁን ይነግራችኋል፣ ሁለተኛው የአጎት ልጁን። የእንግሊዝኛው «ፋዘር» ከላቲኑ «ፓቴር» አልወጣም። ሁለቱም ከአንድ ቀደምት ቋንቋ የወረዱ ዘመዳሞች ናቸው።

ከቃሉ ፊት ኮከብ ካያችሁ ደግሞ ያ ቃል በየትኛውም ጽሑፍ ላይ አልተገኘም ማለት ነው። ምሁራን ልጆቹን አነጻጽረው ወላጁ ይህን ይመስል ነበር ብለው የገነቡት ነው። «ምናልባት»፣ «ሳይሆን አይቀርም»፣ «ምንጩ አይታወቅም» የሚሉትንም አትዝለሏቸው። «ዶግ» የሚለው የውሻ ስም እንኳን ምንጩ በትክክል አይታወቅም። መዝገበ ቃላቱ «ምናልባት» ካለ እናንተም ደብተራችሁ ላይ «ምናልባት» ብላችሁ ጻፉ።

4. ቃሉ በየትኛው በር እንደገባ ለዩ

እንግሊዝኛ ብዙ በር ያለው ቋንቋ ነው። መሠረቱ ጀርመናዊ ነው፣ ማለትም ከጀርመንኛ ጋር የአንድ ቤተሰብ ቋንቋ ነው። በ5ኛው ክፍለ ዘመን አንግሎች፣ ሳክሶኖችና ጁቶች ባሕር ተሻግረው ብሪታንያ ሰፈሩ። የዕለት ተዕለት ቃላት፣ ማለትም ቤት፣ ውኃ፣ እጅ፣ መብላት፣ መተኛት የሚሉት፣ ከእነሱ ናቸው። በ597 ከሮም የተላኩ መነኮሳት ክርስትናን ሲሰብኩ የቤተ ክርስቲያን ላቲን ገባ። ከ793 ጀምሮ ቫይኪንጎች መጡ። «ስካይ» (ሰማይ)፣ «ኤግ» (እንቁላል)፣ «ናይፍ» (ቢላ)፣ አልፎ ተርፎም «ዘይ» (እነሱ) የሚለው ተውላጠ ስም ከእነሱ የመጣ ነው። «ዊንዶው» (መስኮት) በቫይኪንጎች ቋንቋ የነፋስ ዓይን ማለት ነበር።

ትልቁ በር የተከፈተው በ1066 ነው። የኖርማንዲው (የሰሜን ፈረንሳይ ግዛት) ዊሊያም እንግሊዝን ድል አድርጎ ያዘ። ቤተ መንግሥቱ፣ ፍርድ ቤቱና የጌቶች ማዕድ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሆነ። ዳኛ፣ ፍርድ ቤት፣ መንግሥት፣ ፓርላማ የሚሉት ቃላት በዚህ በር ገቡ። በሬው በበረቱ ውስጥ የጀርመናዊ ስሙን ይዞ ቀረ፣ ሥጋው ግን ከፈረንሳይኛ የመጣውን «ቢፍ» የሚል ስም ያዘ። በግና አሳማም እንደዚሁ ናቸው። ኋላ ደግሞ ሊቃውንት ለሳይንስና ለትምህርት ከላቲንና ከግሪክ በገፍ ወሰዱ። ከዚያ ንግዱና ቅኝ ግዛቱ ከዓለም ሁሉ ቃል አመጣ።

እንግዲህ ቃላችሁን ይዛችሁ ከየትኛው በር ገባ ብላችሁ ጠይቁ። አጭርና የዕለት ተዕለት ከሆነ ጀርመናዊውን በር ገምቱ። የሕግ ወይም የሹመት ከሆነ ፈረንሳይኛን፣ የላብራቶሪ ከሆነ ግሪክን ወይም ላቲንን። ግምታችሁን ጻፉና ከመዝገበ ቃላቱ ጋር አስተያዩት። ትንሽ ከተለማመዳችሁ በኋላ ግምታችሁ ብዙ ጊዜ ይሰምራል።

5. ክፍሎቹን ፍቱ፣ ግን በጥንቃቄ

የግሪክና የላቲን ቃላት መፈታታት ይወዳሉ። «ቴሌ» ሩቅ ነው፣ «ፎን» ድምፅ ነው። «ባዮ» ሕይወት፣ «ሎጂ» ጥናት። ሠላሳ ያህል እንዲህ ያሉ ክፍሎችን ብትይዙ የሕክምናም የቴክኖሎጂም መጽሐፍ ስታነቡ ብዙ ቃል በራሱ ይፈታላችኋል።

ግን ሁሉም ቃል በሚታይበት ስፌት አይፈታም። «ሃምበርገር» ላይ ያለው «ሃም» የአሳማ ሥጋ አይደለም። ቃሉ የጀርመን ከተማ ከሆነችው ከሃምቡርግ ስም የመጣ ነው። ተናጋሪዎች በማይቆረጥበት ቦታ ቆረጡትና «በርገር» ራሱን ችሎ ወጣ። ዛሬ ቺዝበርገር የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። «ፊሜል» (ሴት) ደግሞ «ሜል» (ወንድ) ላይ የተቀጠለ ይመስላል። እሱም አይደለም። በፈረንሳይኛ በኩል ከሌላ የላቲን ቃል መጥቶ፣ «ሜል»ን እንዲመስል ሆሄው የተቀየረ ነው።

የእኔ ተወዳጅ «አውቶቡስ» ነው። በ1820ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ ማንም ከፍሎ የሚሳፈርበት የፈረስ ሠረገላ ሲጀመር «ኦምኒቡስ» ተባለ። በላቲን «ለሁሉም» ማለት ነው። «ኦምኒ» ሁሉ ማለት ሲሆን «ቡስ» «ለ» የሚል ፍቺ የሚሰጥ መድረሻ ብቻ ነው። እንግሊዞች አሳጥረው «ባስ» ሲሉት ትርጉም ያለውን ክፍል ጥለው መድረሻውን አስቀሩ። በኋላ ሞተር ሲገጠምለት «ራስ» የሚል ፍቺ ያለው የግሪክ «አውቶ» ተጨመረበት። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ በየቀኑ የምንጠራው ስም ግማሹ ግሪክ፣ ግማሹ የላቲን ቅጥያ ነው። እንዲህ ያለውን በግምት አታገኙትም፤ ታሪኩን ማየት ግድ ነው።

ሆሄንም በጭፍን አትመኑ። «ዴት» (ዕዳ) ውስጥ ያለው የማይነበብ «ቢ» ከፈረንሳይኛ ሲመጣ አልነበረም። ሊቃውንት የላቲኑን ቃል አስታውሰው ኋላ የሰኩት ነው።

6. ትርጉሙ እንዴት እንደተንከራተተ ተከተሉ

የድምፁን መንገድ አግኝቶ የትርጉሙን መንገድ መተው ግማሽ ሥራ ነው። «ናይስ»ን ቀረብ ብለን እንየው። ዛሬ ጥሩ፣ ደስ የሚል ማለት ነው። ላቲን ላይ «ኔስኪዩስ» ነበር። «ኔ» አለመሆንን፣ «ስኪሬ» ማወቅን ያመለክታል። ማለትም አላዋቂ። በፈረንሳይኛ በኩል በ1200ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝኛ ሲደርስ ቂል ማለት ነበር። ከዚያ ዓይን አፋር ሆነ። ቀጥሎ ሁሉን ነገር የሚመርጥ፣ የማይረካ ሰው መጠሪያ ሆነ። ከመራጭነት ወደ ጥንቃቄ፣ ከጥንቃቄ ወደ ረቂቅነት ሄደ። በ1700ዎቹ ደስ የሚል የሚለው ትርጉም መጣ። ደግ ሰው ለማለት መዋል የጀመረው ከዚያም በኋላ ነው። «ሳይንስ» የሚለው ቃል ከዚያው «ስኪሬ» መውጣቱን ስታዩ ደግሞ ሁለቱ ቃላት አንድ ቤት አድገው እንደተለያዩ ይገባችኋል።

ይህን በደብተራችሁ ስትጽፉ በእያንዳንዱ ማቆሚያ ላይ ከዚህ ወደዚያ የወሰደው ምንድን ነው ብላችሁ ጠይቁ። ከቂል ወደ ጥሩ በአንድ ጊዜ መዝለል አይቻልም። በመሐል ያሉት ደረጃዎች ሲታዩ ግን መንገዱ ግልጽ ነው። ደረጃ የሌለው ዝላይ ካጋጠማችሁ አንድ የጎደለ ነገር አለ።

ሌሎቹ መንገዶች ቀለል ያሉ ናቸው። «ሚት» ድሮ ማንኛውም ምግብ ነበር፣ ጠብቦ ሥጋ ሆነ። «ዲር» ማንኛውም አውሬ ነበር፣ አጋዘን ሆነ። «ሲሊ» ደግሞ የተባረከ፣ ደስተኛ ማለት ነበር፤ ወርዶ ወርዶ ጅላጅል ሆነ። ስለዚህ የድሮ መጽሐፍ ስታነቡ የዛሬውን ትርጉም ይዛችሁ አትግቡ።

7. ድምፁን በሕግ መርምሩ

ሁለት ቃላት ስለተመሳሰሉ ዘመድ ናቸው ማለት አይደለም። በፋርስኛ «ባድ» ማለት መጥፎ ነው። በእንግሊዝኛም «ባድ» መጥፎ ነው። ዝምድና ግን የላቸውም፤ የአጋጣሚ ነገር ነው። በሌላ በኩል ጨርሶ የማይመሳሰሉ ቃላት ሥጋ ዘመድ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚፈርደው ተደጋጋሚ የድምፅ ለውጥ ነው።

ጀርመናዊው ያኮብ ግሪም በ1822 ይህን በሥርዓት አስቀመጠው። በላቲን «ፕ» ያለበት ቦታ በእንግሊዝኛ «ፍ» ይሆናል። «ፓቴር» እና «ፋዘር»፣ «ፒስኪስ» እና «ፊሽ»። በላቲን «ክ» ያለበት «ህ» ይሆናል፤ «ኮርኑ» እና «ሆርን» (ቀንድ)። «ድ» ያለበት «ት» ይሆናል፤ «ዱኦ» እና «ቱ» (ሁለት)። እንግሊዝኛ ከላቲንና ከላቲን ልጆች ደግሞ ስለወሰደ ሁለቱም ጎን ለጎን ይኖራሉ። «ፉት» እግር ነው፣ «ፔዳል» በእግር የሚረገጥ ነው። «ቱዝ» ጥርስ ነው፣ «ዴንቲስት» የጥርስ ሐኪም ነው።

ለእኛ ይህ አዲስ ነገር መሆን የለበትም። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን በየቀኑ ይሰሙታል። ዕብራይስጡ «ሻሎም» ሲል እኛ ሰላም እንላለን። «ሻማይም» ሲል ሰማይ፣ «ሼም» ሲል ስም፣ «ሮሽ» ሲል ራስ። አንድ ሳይሆን ብዙ ቃል ላይ «ሽ» ለ«ስ» እየሆነ ሲመጣ ያ ዝምድና ነው። አንድ ነጠላ መመሳሰል ግን ማስረጃ አይሆንም።

8. ታሪኩን ፈትኑ

አሁን ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ወደሚዞሩት ታሪኮች እንምጣ። አንድ መለኪያ ያዙ፦ የቆየ ቃል የብዙ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ምሕጻር ነው ከተባለ ተጠራጠሩ። ምሕጻርን እንደ ቃል መጥራት የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። «ኒውስ» (ዜና) የሰሜን፣ የምሥራቅ፣ የምዕራብና የደቡብ መነሻ ፊደላት ነው ይባላል። ውሸት ነው። «አዳዲስ ነገሮች» ማለት ብቻ ነው። «ቲፕ» (ጉርሻ) «ፈጣን አገልግሎት ለማረጋገጥ» የሚል ሐረግ ምሕጻር ነው የሚለውም እንዲሁ መሠረት የለውም። በ1600ዎቹ የሌቦች ቋንቋ ውስጥ መስጠት፣ ማቀበል ማለት ነበር።

ከሕጉ የሚያፈነግጥ ጎበዝ ምሳሌ «ኦኬ» ነው። ይህ በእርግጥ ምሕጻር ነው። በ1839 ቦስተን ውስጥ ጋዜጠኞች ሆን ብለው ሆሄ እያሳሳቱ ይቀልዱ ነበር። «ሁሉም ትክክል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ሐረግ በተሳሳተ ሆሄ ጽፈው የመጀመሪያ ፊደላቱን አወጡ። ይህን በ1960ዎቹ ያረጋገጠው አለን ዎከር ሪድ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ነው። ጋዜጦቹን አገላብጦ፣ ቀኑን ይዞ። «ኦኬ»ን ከ«ኒውስ» የሚለየው ይህ በቀን የታሰረ ጽሑፍ ነው።

ግማሽ እውነት የሆኑትን ደግሞ ለብቻ ያዙ። «ሳላሪ» (ደመወዝ) ከላቲኑ የጨው ስም ጋር መዛመዱ እውነት ነው። የሮም ወታደሮች ደመወዛቸውን በጨው ይቀበሉ ነበር የሚለው ግን በጥንታዊ ጽሑፍ የተደገፈ አይደለም። አሞሌ ጨው የገበያ ገንዘብ ሆኖ ለኖረበት አገር ሰው ይህ ታሪክ በጣም የሚታመን ይመስላል። ስለዚህ የበለጠ መጠንቀቅ አለብን።

9. ቃሉ ወደ እኛ ሲጠጋ ሁለት ጊዜ ፈትኑ

«ኮፊ» ከካፋ መጣ የሚለውን ያልሰማ ሐበሻ የለም። መንገዱን እንከተል። እንግሊዝኛ ላይ ቃሉ የሚታየው በ1600 አካባቢ ነው። ከደች «ኮፊ» ወይም ከጣሊያን «ካፌ» ጋር ይያያዛል። እነሱ ከቱርክ «ካህቬ»፣ ቱርክ ከዓረብኛ «ቀህዋ»። እስከዚህ በጽሑፍ የተረጋገጠ ነው። የዓረብ መዝገበ ቃላት ጸሐፊዎች ደግሞ «ቀህዋ» ቀድሞ ለወይን ጠጅ ይውል እንደነበር ጽፈዋል። ከዓረብኛ ወደ ካፋ የሚያሻግር የጽሑፍ ድልድይ የለም። በራሱ በካፊኛ ቡና «ቡኖ» ነው። መዝገበ ቃላትም ካፋን ሲያነሱ «ምናልባት» ብለው ነው። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ እስከ «ቀህዋ» ያለውን በእስክሪብቶ፣ ካፋን በእርሳስ ጻፉ። ተክሉ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ መነሣቱ ግን የእጽዋት ሳይንስ ያረጋገጠው ነው፤ ለዚያ ስሙ አያስፈልገውም።

በጣም የሚያኮሩ፣ ማስረጃቸውም የጸና ዝምድናዎች ሌላ ቦታ አሉ። «ካመል» በላቲንና በግሪክ አልፎ ከሴማዊ ቋንቋ የመጣ ነው፣ የእኛ ግመል ዘመድ። «አቦት» (የገዳም አለቃ) ከአራማይስጡ «አባ» ነው። «አልፋቤት» ደግሞ የግሪክ «አልፋ» እና «ቤታ» ጥምር ነው። እነዚህ ስሞች በግሪክ ትርጉም የላቸውም፤ ከፊንቄ፣ ከአንድ ጥንታዊ ሴማዊ ቋንቋ፣ የተወሰዱ ናቸው። በፊንቄ አንዱ በሬ፣ ሌላው ቤት ማለት ነበር። ግእዝ የተማረ ሰው ወዲያው ያውቃቸዋል፦ «አ» አልፍ፣ «በ» ቤት።

10. መዝግቡ

ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ገጽ ስጡ። የዛሬ ትርጉም፣ መጀመሪያ የታየበት ዘመን፣ መንገዱ፣ የትርጉሙ ጉዞ፣ ዘመዶቹ፣ እርግጠኝነቱ። «ማጋዚን» ለምሳሌ እንዲህ ይሞላል።

የዛሬ ትርጉም፦ መጽሔት፤ የጥይት ካዝናም። መጀመሪያ የታየው፦ በ1500ዎቹ መጨረሻ፣ የዕቃ ማከማቻ በሚል ትርጉም። መንገዱ፦ ዓረብኛ «መኻዚን» (ማከማቻዎች)፣ ጣሊያንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ። የትርጉሙ ጉዞ፦ የዕቃ ግምጃ ቤት፣ የጥይት ግምጃ ቤት፣ ከዚያ የዕውቀት ግምጃ ቤት የሆነ መጽሐፍ። በ1731 ለንደን ላይ አንድ ወርኃዊ ኅትመት ቃሉን በስሙ ውስጥ አስገባ፣ ሌሎችም ተከተሉት። ዘመዶቹ፦ መርካቶ ያለው መጋዘን። «ኸዘነ» የሚለውን የዓረብኛ ሥር የያዘው ካዝናም። እርግጠኝነቱ፦ ከፍተኛ።

ለመጀመሪያ ልምምድ «ሹገር»፣ «ኳራንቲን» እና «ሲቬት»ን ሞክሩ። የመጀመሪያው እስከ ሕንድ ይወስዳችኋል። ሁለተኛው ቬኒስ ወደብ ላይ አርባ ቀን ያቆማችኋል። ሦስተኛውን ስትከታተሉ ፈረንሳይኛና ጣሊያንኛውን አልፋችሁ ዓረብኛው ላይ ስትደርሱ ቃሉን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ለሽቶ ከጥሪኝ የሚወጣውን ዝባድ ታገኙታላችሁ።